ለሥነ ውበት ማኅበር ባለአደራ ስንመርጥ

ክቡራትና ክቡራን፣ መምህራኖቼ፣ ሠዓሊያንና የቅኔ ወዳጆች፣

በሥራ ቀን ማታ፣ ያን ሁሉ የዋሽንግተን የመንገድ መጨናነቅ አልፋችሁ ስለ አንድ የምሁራን ማኅበር ምርጫ ለመስማት በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ልመናዬን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ስለ ውበትና ስለ ጥበብ ምንነት የሚመራመሩ ምሁራን የተሰባሰቡበት የአሜሪካ የሥነ ውበት ማኅበር አባል ሁኑ፤ የባለአደራዎች ምርጫ ሲመጣ ድምፅ ስጡ፤ ከመካከላችሁ ጊዜውና ችሎታው ያለው ደግሞ ለመመረጥ ይቅረብ።

ማኅበሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። የተመሠረተው በ1942፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቶማስ መንሮ በክሊቭላንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበር። ሥራው ሕፃናትም አዋቂዎችም ከሥዕልና ከቅርጽ ፊት ቆመው እንዲማሩ ማድረግ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ከጥንስሱ ጀምሮ የፈላስፎች ብቻ አልሆነም፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚው፣ ሙዚቀኛው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው ሁሉ በሩ ተከፍቶላቸዋል። ማኅበሩ የሚያሳትመው የጥናት መጽሔት ከማኅበሩ በአንድ ዓመት ይቀድማል፤ በ1941 ጀምሮ በ1945 በማኅበሩ እጅ ገባ። በ1964 ኒው ዮርክ ውስጥ ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል የሱቁን አስመስሎ የሠራቸውን የሳሙና ካርቶኖች አይቶ «ይሄ ጥበብ ከሆነ ሱቅ ውስጥ ያለው ካርቶን ለምን ጥበብ አልሆነም?» የሚለውን ጥያቄ የፍልስፍና ጉዳይ ያደረገው ፈላስፋው አርተር ዳንቶም ከጊዜ በኋላ የዚሁ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኗል።

ወደ ምርጫው ልምጣ። ባለአደራዎቹ፣ ማለትም ማኅበሩን የሚመራው ቦርድ አባላት፣ የሚመረጡት ለሦስት ዓመት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወርዱም፤ የተወሰኑት ሲለቁ የተወሰኑት ይቀራሉ፣ ልምዱም አይቋረጥም። የድምፅ መስጫው ሲደርሳችሁ የምታገኙት የእጩዎቹን ስምና እያንዳንዱ ስለ ራሱ የጻፈውን አጭር መግለጫ ነው። ብዙ ሰው ይህን መልእክት ሳይከፍት እንደሚያልፈው አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛልም። እድር ያለው ሰው ሁሉ ገንዘብ ያዡ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ እንደማይተኛ እናውቃለን። ለቀብራችን የምናደርገውን ጥንቃቄ ለሐሳባችን ለምን እንነፍገዋለን?

ቦርዱ የሚወስነው ትንሽ ነገር አይደለም። በጀቱን ያጸድቃል። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ የሚሰየመው በቦርዱ ውሳኔ ነው፤ አዘጋጁ ደግሞ የትኛው ጽሑፍ ለገምጋሚ እንደሚላክ፣ ገምጋሚውም ማን እንደሚሆን ይወስናል። ቦርዱ ለየትኛው ፕሮጀክት ገንዘብ እንደሚሰጥም ይመርጣል። አንድ ምሳሌ ላንሳ። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ማኅበሩ የሥነ ውበት ትምህርት ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሥራዎች አልፎ እንዲሰፋ ፈልጎ፣ አዳዲስ የማስተማሪያ እቅድ ለሚያዘጋጁ ምሁራን ገንዘብ መደበ። እቅዶቹ ለማንኛውም አስተማሪ በነፃ ተለቀቁ። ያን ገንዘብ የመደቡት ስማቸውን ብዙዎቻችን የማናውቃቸው፣ በአባላት ድምፅ የተመረጡ ሰዎች ናቸው።

ባለአደራነት በዚህ አገር የሕግ ኃላፊነትም ነው። ሕጉ ከባለአደራ ጥንቃቄን፣ ታማኝነትንና ለማኅበሩ ዓላማ መገዛትን ይጠብቃል። ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት በአብዛኛው ፎርም 990 የሚባለውን ዓመታዊ መግለጫ ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ያስገባል፤ ሰነዱም ለሕዝብ ክፍት ነው። እባካችሁ አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ገቢና ወጪው፣ የቦርድ አባላቱ ስም፣ ማን ክፍያ እንዳገኘና እንዳላገኘ ተዘርዝሮበታል። በመሐል ደግሞ ሁለት ጥያቄዎች አሉበት፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምወዳቸው እነሱን ነው። አንደኛው ድርጅቱ የጥቅም ግጭትን የሚመለከት የተጻፈ ደንብ እንዳለው ይጠይቃል። ሁለተኛው ይህ ሰነድ ከመላኩ በፊት ለሁሉም የቦርድ አባላት ተሰጥቷቸው እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ባለአደራ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት ይገባችኋል፤ የተሰጠውን ወረቀት የሚያነብ ሰው ነው።

ስለዚህ የእጩዎችን መግለጫ ሳነብ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ቶሎ አልፈዋለሁ። የታወቀ ፈላስፋ ሁሉ ጥሩ ባለአደራ አይሆንም። ስብሰባ ላይ በሰዓቱ የሚገኝ፣ ሒሳብ ሲቀርብ «ይሄ ቁጥር ካምናው ለምን ጨመረ?» የሚል፣ የሚያውቀው ሰው ለገንዘብ ድጋፍ ሲያመለክት ከውሳኔው ራሱን የሚያገል ሰው እፈልጋለሁ። ተማሪዎችና ቋሚ ሥራ የሌላቸው መምህራን ስብሰባ ለመምጣት የአውሮፕላን ትኬትና የሆቴል ክፍያ ከየት እንደሚያመጡ ያሰበበት እጩ ካገኘሁማ ደስታዬ ወደር የለውም። ትኬት ያልቻለው ወጣት ሐሳቡም አዳራሹ አይደርስም።

አሁን ለምን እናንተን እንደለመንኩ ልናገር። በፍልስፍናው ዓለም «አንድ የሙዚቃ ሥራ ምንድነው? ኖታው ነው? ወይስ እያንዳንዱ አጨዋወት?» የሚል ክርክር አለ። ትልልቅ አእምሮዎች የደከሙበት፣ እኔም የምወደው ክርክር ነው። ይህን ክርክር ባነበብኩ ቁጥር ግን የቅኔ ቤት ይታወሰኛል። ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በልቡ ያዘጋጀዋል ማለት ነው። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፤ ሰዋስዉ ከተሳሳተ ያርማል፤ ዜማው ልኩን ከሳተ ይመልሰዋል፤ ሰሙ ወርቁን ካልገጠመ አይቀበለውም። በሁለት ቤት የሚያልቀው አጭሩ የቅኔ ዓይነት፣ ጉባኤ ቃና፣ እንኳ እንዲህ ተፈትኖ ነው የሚያልፈው። በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን የሚቀርበው ቅኔ ደግሞ ለዚያ ቀን የተፈጠረ አዲስ መሆን አለበት። የትናንቱን መድገም ነውር ነው።

ታዲያ ይህ ምን ዓይነት የጥበብ ሥራ ነው? ደጋግመን እንድንጫወተው የተዘጋጀ ኖታ የለውም። ለአንድ ጉባኤ ተወልዶ የሚኖረው በሰሚው ትውስታ ነው። የዋድላ፣ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንገድ አላቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ሙሉ የሥነ ውበት ክርክር ነው። መልካም ቅኔ የሚደነቀው በምሥጢሩ ጥልቀት ነው ወይስ በቃሉ ውበት የሚለውን ሊቃውንቱ ለዘመናት ሲመዝኑት ኖረዋል። እኔ በተካፈልኩባቸው ስብሰባዎች ይህ ሲነሳ አልሰማሁም። ጥፋቱን በማንም ላይ አልጥልም፤ ይህን የምናውቅ ሰዎች ገብተን አላቀረብነውም።

ክታቡንም አስቡት። ደብተራው ለበሽተኛ የሚያዘጋጀው ብራና ቁመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይለካል፤ የተሣሉት ዓይኖችም ክፉውን መንፈስ እንዲያርቁ የተሣሉ ናቸው። ዛሬ ያ ክታብ ሙዚየም ውስጥ በመስተዋት ተሸፍኖ ይታያል። ለመፈወስ የተሠራ ነገር ለመታየት ብቻ ሲቀመጥ ምን ያተርፋል፣ ምን ያጣል? ሠዓሊው ጋሽ እስክንድር ቦጎስያን ከእነዚህ ክታቦች ተነሥቶ የራሱን ሥዕል ፈጥሯል፤ እዚሁ ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሮ በ2003 እዚሁ ከተማ ዐርፏል። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ዛሬም በዚህ ከተማ አሉ። ዳንቶ ስለ ሳሙና ካርቶን የጠየቀውን ያህል ስለ ክታብ መጠየቅ የሚችል ሰው በዚህ አዳራሽ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እናገራለሁ። ለመመረጥ የምትቀርቡ ካላችሁ፣ «የሐበሻ ወኪል» ሆናችሁ አትግቡ። ባለአደራ የሚቀበለው የአባላቱን ሁሉ አደራ ነው። ሚኒያቸር የሚባለው የኢራን ደቃቅ ሥዕል፣ የጃፓን ሻይ ሥርዓት፣ የጃዝ ሙዚቃ ተመራማሪውም የእናንተው ኃላፊነት ነው። ድምፅ የምትሰጡትም «የኛ ሰው» ስለሆነ ብቻ አትስጡ። የኛ ሰው በጀቱን የማያነብ ከሆነ፣ የሚያነበውን ምረጡ። እኔ የምፈልገው ቅኔን የሚያውቅ ሰው የአዘጋጅ ምርጫ ሲመከር ቁጭ ብሎ እንዲሰማና እንዲጠይቅ፣ ሌላው ደግሞ ወጥኖ የተወውን ጽሑፍ ጨርሶ ለመጽሔቱ እንዲልክ ነው። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ ለውጥ አይመጣም። ቦርድ ውስጥ ሰው ኖሮን ጽሑፍ ካላቀረብን የሚታተም ነገር የለም።

የተማሪ መዋጮው ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ የዶክትሬት ትምህርት ላይ ያላችሁ ልጆች በዚህ አታመንቱ። መምህራኖቼም «እኛ አርጅተናል» አትበሉኝ፤ ሰነድ አንብቦ መጠየቅ የእናንተ ሙያ ነው። ከዚህ ንግግር በኋላ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ላፕቶፔን ይዣለሁ፤ የአባልነት ምዝገባውን አብረን እንሞላለን፣ የፎርም 990ውንም ገጾች አንድ በአንድ አሳያችኋለሁ። ለእጩነት ሊጠቆም የሚገባው ሰው ካለ ስሙን ሹክ በሉኝ፤ ፈቃደኛነቱን አስቀድመን እንጠይቀው።

አመሰግናለሁ።