ባንዱን ስናጠብቅ

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ከየከተማው ወደ ሐዋሳ የመጣችሁ ነርሶችና ሐኪሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ካትላብ፣ ልብ በቀጭን ቱቦ በሚመረመርበት ክፍል፣ መሥራት በጀመርኩበት ሰሞን፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ በእጅ አንጓቸው በኩል የልብ ምርመራ የተደረገላቸው አንድ አባት ወደ ክፍሌ መጡ። ደም እንዳይፈሳቸው ፈርቼ ባንዱን፣ ቱቦው የገባበትን ቀዳዳ የሚጫነውን የአንጓ ማሰሪያ፣ በአየር ጥርቅም አድርጌ ሞላሁትና ወደ ሌላ ታካሚ ሄድኩ። ስመለስ ስድስት ሰዓት አልፏል። አንዲት ጠብታ ደም የለም። አለቃዬ "ጎበዝ!" አለችኝ። ከወራት በኋላ ስቴንት፣ የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ነገር፣ ሊገባላቸው ሲመጡ ያንን አንጓ ብንዳብሰው ትርታ የለውም። በብሽሽት ገባን፤ እግራቸውን ሳያጥፉ በጀርባቸው ተኝተው አመሹ። "የበፊቱ ይሻል ነበር፣ ልጄ" አሉኝ። የበፊቱን መንገድ የዘጋሁት እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም።

እስከዚያች ቀን ማንም ያላወቀው፣ እጅን የሚመግቡት ሁለት ደም ቅዳዎች ስለሆኑ ነው፤ በአውራ ጣት በኩል ራዲያል፣ በትንሿ ጣት በኩል አልናር። መዳፍ ውስጥ ይገናኛሉ። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይደርስለታል፤ እጅ አይቀዘቅዝም፣ ብዙውን ጊዜም አያምም። እዚህ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል መረብ የሚጎትት ሰው ራዲያሉ ተዘግቶበት ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ግን ካቴተር ለሚባለው ለሚቀጥለው የምርመራ ቱቦ፣ ለባይፓስ ቀዶ ሕክምና፣ ኩላሊቱ ከደከመም ለዳያሊሲስ የሚያስፈልገው ሥር ሄዷል። መድማቱን ሁሉም ያያል፣ ይጮህበታልም። መዘጋቱን የሚያይ የለም። እጃችን ወደ ማጥበቁ የሚያደላው ለዚህ ይመስለኛል።

በአንጓ በኩል ልብን መመርመር እንደሚቻል የካናዳው ሉሲየን ካምፖ እ.ኤ.አ. በ1989 ካሳወቀ ወዲህ ብዙ ተምረናል። ቱቦው የሥሩን ውስጠኛ ሽፋን ይፍቃል፤ በዚያ ላይ ደሙን ካቆምነው ይረጋል። ስለዚህ ከሥሩ ያልወፈረ ቱቦ ይመረጣል፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው ሄፓሪንም በበቂ መጠን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የግሪክ ሐኪሞች ጥናት በኪሎ 50 ዩኒት ከተሰጣቸው 8.1 በመቶው፣ 100 ዩኒት ከተሰጣቸው ግን 3 በመቶው ብቻ እንደተዘጋባቸው አሳይቷል። ይህ የሐኪሙ ውሳኔ ነው። ባንዱ ግን የኛ ነው።

ባንዱን አስረን ቱቦው ከወጣ በኋላ አየሩን በስሪንጅ ቀስ እያልን እንቀንሳለን። ጠብ ሲል አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሊትር እንመልሳለን። ከዚያ የጣትን የደም ትርታ በሞገድ የሚያሳየውን ፐልስ ኦክሲሜትር አውራ ጣት ላይ አድርገን አልናሩን በጣታችን እንጫናለን። በስክሪኑ ላይ ሞገዱ ከቀጠለ ራዲያሉ ክፍት ነው፤ ከጠፋ ባንዱ ጠብቋል፣ ትንሽ እናላላለን። አንጓን ብቻ ዳብሶ "ትርታ አለ" ማለት ያታልላል፤ ከመዳፍ የሚመለስ የአልናር ደም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ደሙ እንዳይቋረጥ በጥንቃቄ ከታሰሩት በ24 ሰዓት ውስጥ የተዘጋባቸው 5 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታሰሩት ግን 12 በመቶ መሆናቸውን ዘግቧል። ልዩነቱን ያመጣው አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ ስሪንጅ የያዘ ነርስ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ስድስቱ የኔ ነበር!

ተዘግቶ ካገኛችሁት ወዲያው ለሐኪሙ ንገሩ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አልናሩን ለአንድ ሰዓት መጫን ብዙዎቹን ሊከፍት ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። አዲስ አበባ ታክመው ወደዚህ የሚመለሱትን አንጓ ደግሞ እኛ ካልፈተሽን ማን ይፈትሽልናል?

ሻይ ከመውጣታችን በፊት ባንዱም ኦክሲሜትሩም ጠረጴዛው ላይ አሉ። የመጀመሪያው አንጓ የኔ ነው፤ ማን ያስርልኛል?