ስጎው ይቅደም፣ ዓሣው ይከተል፦ ነጭ ዓሣ በቲማቲም ስለማብሰል የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ መስመራችንን የሞላው አንድ ጉዳይ ነው፤ ነጭ ዓሣ በቲማቲም ስጎ ቤት ውስጥ ሲሠራ። የምግብ ዝግጅት ባለሙያዋ እንግዳችን ለደወሉ አድማጮች የሰጡት መልስ እንደሚከተለው ነው።

ጥያቄ፦ ዓሣውን ከቲማቲሙ ጋር ሳበስለው ይበተንብኛል። ሲቀርብ ዓሣ መሆኑ ራሱ አይታወቅም። እሳቱን አሳንሼም ሞክሬያለሁ፤ ለውጥ የለውም።

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ እሳቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ሰዓቱ ነው። ብዙ ሰው ሽንኩርቱን አቁላልቶ ቲማቲሙን ይጨምርና ቲማቲሙ ገና ጥሬ እያለ ዓሣውን ያስገባል። ሁሉም አንድ ላይ ይብሰል ብሎ ይተወዋል። ቲማቲም ግን ጥሬነቱ እስኪለቀው፣ ውኃው መጦ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈልጋል። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ዓሣ 8 ደቂቃ ይበቃዋል። ቲማቲሙ እስኪደርስ ዓሣው ይጎዳል።

ምክንያቱ ከዓሣው ተፈጥሮ ይመጣል። በእግሩ የሚሄድ እንስሳ ክብደቱን የሚሸከምበት ጠንካራ ጅማት አለው፤ ሥጋው ብዙ በበሰለ ቁጥር የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። ዓሣን ግን ውኃው ስለሚሸከመው የሥጋውን ንብርብሮች የሚያያይዘው ነገር ስስ ነው፤ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። ዓሣው ሙሉ በሙሉ በስሏል የሚባለው መሃሉ 63 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ስጎውን ብቻውን ይጨርሱት፤ ቀምሰው “አሁን ይበላል” ሲሉ ብቻ ዓሣውን ያስገቡ።

ለ4 ሰው 600 ግራም ፊሌቶ አለዎት እንበል። አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈው በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በለስላሳ እሳት ያቁላሉ። ሲለሰልስ 3 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ይጨምሩ፤ እሱ ቶሎ ያርራል፣ ካረረ ደግሞ ምሬቱ ከስጎው አይወጣም፤ ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምረው ቀለሙ ጠቆር እስኪል ያማስሉት። ይህችን እርምጃ እባክዎ አይዝለሏት፤ የስጎው ጥልቅ ጣዕም የሚመጣው ከእሷ ነው። ቀጥሎ 700 ግራም የበሰለ ቲማቲም ልጠውና ከትፈው ያስገቡ፣ ሳይከድኑም ያብስሉት። በማንኪያ የድስቱን ወለል ጠረግ ሲያደርጉት የተከፈተው መንገድ ወዲያው ካልተደፈነ ስጎው ደርሷል።

አሁን ጨው የነካውን ዓሣ ሳይደራርቡ ስጎው ውስጥ ያስተኙት፣ ከላዩ ትንሽ ስጎ አልብሰው ይክደኑት። ስጎው ቀስ ብሎ አልፎ አልፎ ቡልቅ ይበል እንጂ አይንተክተክ። ማማሰያም አያስገቡበት፤ ማንቀሳቀስ ካስፈለገ የድስቱን ጆሮ ይዘው ወዘወዝ ያድርጉት። በወፍራሙ በኩል በሹካ ገለጥ ሲያደርጉት ሥጋው ነጥቶ ቢለቅ፣ መሃሉ ላይ ግን የብርጭቆ ዓይነት ጥሬ መልክ በጥቂቱ ቢታይ እሳቱን ያጥፉ። ተከድኖ 3 ደቂቃ ሲቀመጥ የስጎው ሙቀት የቀረውን ያበስለዋል። ከዚያ መሃሉን አንዴ ይዩት፤ ጥሬ መልኩ ካለ እሳቱን መልሰው ለአንድ ደቂቃ ይለኩሱ።

ጥያቄ፦ እኔ የምገዛው ከፍሪዘር የወጣውን ነው። ስጎው ሁልጊዜ ይቀጥንብኛል።

መልስ፦ ዓሣ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ የሥጋውን ሕዋሳት ይቀድዳል፤ ሲሟሟ ያ ውኃ ይወጣል። ድስት ውስጥ ከሚወጣ ሳህን ላይ ይውጣ። ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ያውርዱት፤ ካልተመቸ ውኃ በማያስገባ ፌስታል ጠቅልለው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ መተው ግን ደህና አይደለም፤ መሃሉ ገና በረዶ ሆኖ ውጩ ይሞቃልና። ሲሟሟ ጨው ነስንሰው ፍሪጅ ውስጥ 15 ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ጫን እያደረጉ በደንብ ያድርቁት። ጨው ስለተጨመረበት የስጎውን ጨው ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የዓሣ ሽታ አይወድም። ሎሚ ብዙ እጨምራለሁ፣ ግን ምግቡ ሁሉ ሎሚ ሎሚ ይላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሎሚ መጀመርዎ ትክክል ነው፤ የበዛው መጠኑ ነው። የባሕር ዓሣ ከቆየ በኋላ የሚሸተው ትራይሜቲላሚን የሚባል ነገር ነው፤ አሲድ ሲያገኘው በቀላሉ ወደ አየር አይወጣም። ቲማቲሙ ራሱ አሲድ ስላለው ግማሹን ሥራ ይሠራልዎታል። ግማሽ ሎሚ፣ እሱም እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይበቃል። የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ላይ አንዳንዴ የሚሰማው የጭቃ ሽታ ግን ከሌላ ነገር ይመጣል፤ እሱንም አሲድ ይቀንሰዋል። ነገር ግን ከማሸጊያው ሲከፍቱት አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ አሞኒያ የሚመስል ሽታ ካለው ሎሚ አይፈልጉለት፤ ይጣሉት። የተበላሸን ዓሣ ምንም ቅመም አያድነውም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ማንንም አላባብልም።

ጥያቄ፦ ስጎዬ ይኮመጥጣል፤ ደግሞም ብረት ብረት ይላል። ስኳር ብጨምርበት ይሻላል?

መልስ፦ ብረት ብረት ማለቱ ድስትዎን ይጠቁመኛል። ሽፋን የሌለው የብረት ወይም የአልሙኒየም ድስት ከቲማቲም አሲድ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ጣዕሙን ይቀይረዋል። አይዝጌ ብረት ወይም ባለ ሽፋን ድስት ይጠቀሙ። መኮምጠጡን በተመለከተ መጀመሪያ ተጨማሪ 5 ደቂቃ ያብስሉትና ጨው ይቅመሱለት፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላም ቢኮመጥጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨምሩ። ሽንኩርቱን በትዕግሥት ካቁላሉት ግን እሱም ላያስፈልግዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዓሣውን ቀድሜ ብጠብሰውስ?

መልስ፦ ይቻላል። ዱቄት ነካ አድርገው በጋለ ዘይት አንዱን ገጽ ብቻ ለ2 ደቂቃ ይጥበሱ፤ ስጎው ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ በዚያው ልክ ያሳንሱ። ለስስ ፊሌቶ ግን አልመክርም፤ ገና ድስት ሳይገባ ያልቅለታል።

ጥያቄ፦ ለትንሽ ልጄ ላበላው ፈልጌ እሾሁን ፈራሁ።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው፣ እናቴ። “እሾህ የለውም” ተብሎ የተሸጠ ፊሌቶም ቢሆን መሃሉ ላይ፣ ወደ ራሱ በኩል፣ የደቃቅ እሾህ መስመር ሊቀር ይችላል። ከማብሰልሽ በፊት ጣትሽን ሥጋው ላይ እየሳብሽ ዳስሺው፤ የሚወጋሽን በወረንጦ ንቀዪ። ከበሰለ በኋላም የልጅሽን ድርሻ በጣትሽ ፈልቅቀሽ አንድ በአንድ እዪው።

ጥያቄ፦ የተረፈውን ለነገ ላቆየው እችላለሁ?

መልስ፦ ከ2 ሰዓት በላይ ሳይቆይ ፍሪጅ ይግባ፤ እስከ 3 ቀን ይቆያል። ሲያሞቁት ዓሣውን አውጥተው ስጎውን ብቻ ያፍሉ፤ ከዚያ ዓሣውን መልሰው፣ ከድነው፣ መሃሉ ድረስ በደንብ እስኪግል በለስላሳ እሳት ያቆዩት። ትናንት ከነበረው ትንሽ መድረቁ አይቀርም። ከተፈለቀቀብዎ ጨርሰው ፈልቅቀው ከስጎው ጋር ያዋህዱትና በፓስታ ይብሉት።