ከራሱ ምድር ድንጋይ የተሠራው ካፒቶል

[ምስል፦ የኮሎራዶ ካፒቶል ምዕራባዊ ደረጃ፤ ካሜራው ቀስ እያለ ይወጣል]

ዴንቨር የምትኖሩ ሰዎች ይህን ሕንፃ፣ የኮሎራዶ ግዛት ምክር ቤትና የገዥው ቢሮ ያሉበትን ካፒቶል፣ በደንብ ታውቁታላችሁ። አጠገቡ ያለው ኮልፋክስ መንገድ ነው፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኦሮራ ስትነዱ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የምታገኙበት ያው ኮልፋክስ። በደጁ ማለፍ ግን አይበቃም። ግቡና እዩት፣ መግቢያው በነጻ ነው።

ከደረጃው እንጀምር። 15ኛው ደረጃ ላይ «ከባሕር ወለል አንድ ማይል በላይ» ተብሎ ተቀርጿል፤ 1,609 ሜትር ማለት ነው። በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ተማሪዎች እንደገና ለክተው «የለም፣ 18ኛው ነው» አሉ። በ2003 ደግሞ በተሻለ መሣሪያ ተለካና 13ኛው ሆነ። ሦስቱም ምልክቶች ዛሬም አሉ፣ አንዱም አልተነሣም፤ እኔ ይህን በጣም ነው የምወደው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ከዚያ ለመጣ ሰው ይህ ከፍታ ብዙም አያስደንቀውም፣ ለአሜሪካ ትልቅ ከተማ ግን ብርቅ ነው።

[ምስል፦ የድሮ ፎቶ፣ ባዶ ኮረብታ]

ኮረብታውን ለካፒቶሉ መሥሪያ በ1868 የሰጠው ሄንሪ ብራውን የሚባል ባለመሬት ነው። ዓመታት አለፉ፣ ኮሎራዶም በ1876 ከአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ሆነች፣ ሕንፃው ግን ወፍ የለም። ብራውን «እንግዲያው መሬቴን መልሱልኝ» ብሎ ከሰሰ፣ ክርክሩም እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ረቺው ግዛቱ ሆነ፤ በ1886 ቁፋሮው ተጀመረ።

ንድፉን ያወጣው ኤላይጃ ማየርስ ነው። የሚሺጋንንና የቴክሳስን ካፒቶልም የነደፈው እሱ ነው። ይሁንና በ1889 ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ተሰናበተ፤ ሥራው ግን በእሱ ንድፍ ቀጠለ። ለኔ ይህ ግፍ ነው። በ1894 ቢሮዎቹ ሥራ ጀመሩ፣ የውስጡ ማስዋብ ግን ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

[ምስል፦ ሮዝ ድንጋይ፣ በጣም በቅርብ]

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሠሪዎቹ የኮሎራዶን ድንጋይ ነው የፈለጉት። የውጭው ግድግዳ ግራጫ ግራናይት ነው፣ ከጋኒሰን አካባቢ የመጣ። ወለሉ ነጭ እብነ በረድ ነው። የውስጡን ግድግዳ ከታች ያለበሱት ግን ቢዩላ ከምትባል ትንሽ ቦታ በወጣ፣ ሮዝ ኦኒክስ በሚባል ድንጋይ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ቀይ፣ ቡናማና ነጭ መስመሮቹ እንደ ጢስ ይጠማዘዛሉ፣ ጎብኚዎችም በውስጣቸው የሰው ፊትና የእንስሳ ቅርጽ ይፈልጋሉ። በዓለም ላይ የታወቀው የዚህ ድንጋይ ክምችት በሙሉ እዚህ ሕንፃ ውስጥ አልቋል። ቢሰበር ምትክ የለውም። ስለዚህ ልጆች ይዛችሁ ስትገቡ እባካችሁ ግድግዳውን እንዳይቧጭሩ ተቆጣጠሯቸው።

[ምስል፦ ጉልላቱ በፀሐይ]

ጉልላቱ መጀመሪያ መዳብ ነበር የለበሰው። ሕዝቡ ግን ቅር አለው፤ ኮሎራዶ የምትታወቀው በወርቅ እንጂ በመዳብ አይደለምና። በ1908 ስስ የወርቅ ቅጠል ተለበጠበት፣ 200 አውንስ ያህል፣ ወደ ስድስት ኪሎ ገደማ። ሰው በወርቁ ይማረክና ከሥሩ ያለውን አያስተውለውም፦ ጉልላቱን የተሸከመው ክፍል ድንጋይ አይደለም፣ ግራናይት እንዲመስል ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ብረት ደግሞ ይዝጋል። ቁራጭ እስከ መውደቅ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ጥገና የመጣው፣ በ2014 ያለቀው፤ ወርቁም አብሮ ታደሰ።

ወደ ጉልላቱ ውስጥ ቀና ስትሉ ለግዛቲቱ ባለውለታ የተባሉ 16 ሰዎች በባለቀለም መስታወት ተሥለው ታያላችሁ። ከ16ቱ ሴት አንዲት ብቻ ናት፣ ፍራንሲስ ጄኮብስ። በ1887 ከቀሳውስት ጋር ሆና በዴንቨር የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በጋራ ገንዘብ የሚያሰባስቡበትን ማኅበር መሠረተች፤ ዛሬ ዩናይትድ ዌይ የሚባለው የተነሣው ከዚያ ነው። ሳንባ ነቀርሳ ለያዛቸው ድሆችም ሆስፒታል እንዲሠራ ታገለች። ስትገቡ መጀመሪያ የእሷን መስኮት ፈልጉ።