በጥርሱ አትፍረዱ፤ ቁርጭምጭሚቱን እዩ

[ምስል፦ አንድ ጥርስ በቅርበት፤ ካሜራው ወደ ጠርዙ ይጠጋል]

ተራኪ፦ ጥርሱ እንደ ጩቤ ግራና ቀኙ ጠፍጣፋ ነው። ጠርዙን ተመልከቱ፤ ከፊትም ከኋላም እንደ መጋዝ ደቃቅ ጥርስ አለው። የሥጋ በል ዳይኖሰር ይመስላል። ግን የተገኘው በአርጀንቲና ፓታጎንያ፣ ዳይኖሰሮች ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከጠፉ በኋላ በተፈጠረ አለት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ጥርስ ብቻውን ሲገኝ ብዙ አሳስቷል።

ነገሩ የጠራው የራስ ቅሉ ሲገኝ ነው። አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ጆርጅ ጌይሎርድ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1937 በግብጻውያን የአዞ አምላክ በሶቤክ ስም ሴቤከስ አለው። የአዞ ዘመድ ነበር፤ ያውም የየብስ።

[ምስል፦ ሁለት የራስ ቅሎች ጎን ለጎን]

የየብስ መሆኑ በምን ታወቀ? በግራ ያለው የዛሬ አዞ ነው። ቅሉ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ፣ ዓይኑና የአፍንጫው ቀዳዳ ከላይ። የቻሞ ሐይቅ አዞ ውኃ ውስጥ ተደብቆ የሚያይና የሚተነፍሰው በዚህ ነው። ጥርሱ ሾጣጣ ችንካር ነው፤ ይይዛል እንጂ አይቆርጥም፤ ስለዚህ ሰውነቱን እያሽከረከረ ይገነጥላል። ሴቤከስ ግን አፉ ጠባብና ከፍ ያለ፣ አፍንጫው ወደ ፊት፣ ዓይኖቹ ወደ ጎን ናቸው። በዚህ ቅል ውኃ ውስጥ ማድፈጥ አይሆንለትም። ጥርሱ ደግሞ ሥጋ ይቆርጣል።

[ምስል፦ የሳውሮሱከስ አጽም፤ ዳሌው ይደምቃል]

አሁን እዚያው አርጀንቲና ሆነን 230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ እንሂድ፤ ቅሪተ አካል ወደሚገኝበት ወደ ኢሺጓላስቶ አለት። ሳውሮሱከስ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም አዳኝ ነበር። የዛሬዎቹ አዞዎች ቀጥተኛ አያት ሳይሆን የጎን ዘመድ ነው። እግሮቹ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ከሥሩ ቆመዋል። የዳይኖሰር የጭን አጥንት ራሱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዳሌው ውስጥ ይገባል፤ የዚህ ግን ዳሌው ራሱ እንደ ጣሪያ ጭኑን ከላይ ይሸፍነዋል። አቋቋማቸው ሲመሳሰል አሠራሩ ለየቅል ነው።

[ምስል፦ ቁርጭምጭሚት፤ ሁለት አጥንቶች ተለያይተው ይገጣጠማሉ]

ዋናው መለያ ግን ይሄ ነው። በአዞ ወገን ቁርጭምጭሚት አንደኛው አጥንት ጉጥ፣ ሌላው ጎድጓዳ አለው፤ ጉጡ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ይዞራል፣ እግሩም በሁለቱ መካከል ይታጠፋል። በዳይኖሰር ሁለቱም ከቅልጥሙ ጋር ተያይዘው እግሩ ከእነሱ በታች ይታጠፋል። ስለዚህ ጥርስ ብቻ ይዛችሁ «ዳይኖሰር» አትበሉ።

[ምስል፦ የዛሬ አዞ በሐይቅ ዳር፤ ካሜራው የኋላ እግሩን ይከተላል]

የዛሬው አዞ ሆዱን ከመሬት አንስቶ ሲራመድ የኋላ እግሩን እዩ። የሚዞረው ያው ጉጥ ነው።