በፊንላንዶች የነፃነት ቀን

ሰላም፣ ሰላም። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ብርዱ ነው፣ ቻሉኝ።

ስለ ኅዳር 27 ላውራችሁ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 6፣ የፊንላንድ የነፃነት ቀን ማለት ነው። ከሩሲያ የተላቀቁት በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በሩሲያ ነገሥታት፣ በዛሮቹ ሥር ቆይተዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ለዘመናት የስዊድን ነበሩ።

የነፃነት ቀን ሲባል ሆታና ጭፈራ የምትጠብቁ ከሆነ ሄልሲንኪ አትምጡ። ፀሐይዋ 9 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቃለች። ሰዉ መቃብር ቦታ ሄዶ ሻማ ያበራል። ተማሪዎች ችቦ ይዘው ወደ ሴኔት አደባባይ ይሄዳሉ። ማታ 12 ሰዓት ላይ በየመስኮቱ ሁለት ሁለት ሻማ ይበራል። ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው።

አይፈረድባቸውም። ነፃነታቸውን አውጀው ሁለት ወር ሳይሞላ እርስ በርስ ተዋጉ። በ1939 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ወረረቻቸው። “የክረምት ጦርነት” ይሉታል፣ 105 ቀን ፈጅቷል። ነፃነት ሲሉ መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው የሞተባቸው ሰው ነው።

ዋናው ድግስ ታዲያ ያለው ቴሌቪዥን ላይ ነው። ፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንግዳ ይቀበላሉ። ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰው ተሰልፎ፣ አንድ በአንድ እጅ እየጨበጠ ያልፋል። በቃ፣ ይኸው ነው! ይህንን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ቁጭ ብሎ ያየዋል። የሀገሩ ሕዝብ እኮ አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው።

እኔ ያየሁት ጎረቤቴ ቤት ነው። ትልቅ ሴትዮ ናቸው። “በበዓል ብቻሽን አትሁኚ፣ ነይ” አሉኝ። ቡና አፈሉ። ፑላ የሚሉትን ሄል የገባበት ዳቦ አቀረቡ። ቅቤ አለው፣ ወቅቱ ደግሞ የነቢያት ጾም ነው። “አለርጂ አለብሽ እንዴ?” አሉኝ። ጾሙን ማስረዳት ሲያታክተኝ ቡናውን ደጋገምኩ። ቡናቸው ቀጠን ይላል፣ ግን ይጠጣል።

ከዚያ ሐሜቱ ተጀመረ። “ይቺ ደግሞ መጋረጃ ነው የለበሰችው?” “የዚችን ጫማ እይልኝ!” እኔ ማንንም አላውቅም፣ ግን ቀሚስ ለማማት መተዋወቅ አያስፈልግም። እንደዚያ ምሽት ሀገሬው የሆንኩበት ቀን የለም። የጦርነቱ አርበኞች ሲገቡ ብቻ ዝም አሉ።

በመሃል “እናንተስ የነፃነት ቀናችሁ መቼ ነው?” አሉኝ። “የለንም” አልኳቸው። አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ፑላውን እንደገና ገፋ አደረጉልኝ።

“ቅኝ አልተገዛንም” ብሎ ደረት ነፍቶ ማለፍ ቀላል ነው። የካቲት 23 የዓድዋ ቀን አለን፣ እሱን ነገርኳቸው። ግን አምስቱን የጣልያን ዓመታትስ የት እናድርጋቸው? ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን አለ፣ እሱንም ነገርኳቸው። እውነት ለመናገር እኛም ለዚያ ቀን ንፉጎች ነን። ሻማ ማብራት ካለብን ለእሱ ነበር።

ከዚያ ቮን ሮዘንን አነሳሁ። ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን፣ ስዊድናዊው ፓይለት። ጣልያን ሲወረን የቀይ መስቀል አውሮፕላን አብርሮልናል። በክረምቱ ጦርነት ደግሞ በፈቃዱ ለፊንላንድ ዘመተ። ኋላም እኛ ዘንድ ተመልሶ የአየር ኃይላችን አዛዥ ሆነ። በ1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ተገደለ። ሴትዮዋ ስሙን ሲሰሙ “አባቱ እኮ ናቸው ለአየር ኃይላችን የመጀመሪያውን አውሮፕላን የሰጡት!” ብለው ጮኹ። ቴሌቪዥኑን ረስተነው ስለ አባትና ልጅ ስናወራ የስንቱ ቀሚስ ሳይታማ አለፈ።

ልወጣ ስል የዓድዋ ቀን በእነሱ አቆጣጠር መቼ እንደሚውል ጠየቁኝ። ማርች 2 አልኳቸው። የግድግዳ ካላንደራቸው ላይ ጻፉትና ዞር ብለው፦

“ምንድን ነው የሚለበሰው?”