መንገድዎ በየት በኩል ነው?

የተከበራችሁ የዓይን ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከየክልሉ ታማሚ ሪፈር የምትጽፉልን ባልደረቦቼ፣

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሬቲናቸው፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ተላቆ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አንድ የወሎ አባት ነበሩ። ሬቲናው ቦታውን ይዞ እንዲቆይ ዓይናቸው ውስጥ ጋዝ ሞላን። ሥራው ሰመረ። ያሰናበትኳቸው እኔ ነኝ።

«አባባ፣ በአውሮፕላን ነው የሚሄዱት?» አልኳቸው።

«ኧረ በአውቶቡስ ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው መልካም መንገድ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ደብረ ብርሃን ለቁርስ ሲወርዱ ዓይናቸውን ይወጋቸው ጀመር። ጣርማበር ተራራ ላይ ራሳቸውን ይዘው አስመለሳቸው። ረዳቱ የመኪና ሕመም መስሎት ፌስታል ሰጣቸው። ቁልቁለቱን ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ሕመሙ ለቀቃቸው፤ አስታማሚ ልጃቸውም «ተመስገን» አለና ጉዟቸውን ቀጠሉ። ጋዝ ያለበት ዓይን ለጊዜው አጥርቶ ስለማያይ ብርሃኑ መጥፋቱን ማንም አላወቀም። ለቀጠሮ ሲመለሱ ባትሪ ባበራበትም ዓይኑ አይለይም ነበር።

የሆነው ይህ ነው። የአየር ግፊት ሲቀንስ ጋዝ ይሰፋል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ልዩነት ብቻ ጋዙ በአንድ አስረኛ ያህል ሊሰፋ ይፈልጋል። ፊኛ ውስጥ ቢሆን ፊኛው አብሮት በተነፋ። የዓይን ግድግዳ ግን እንደ ፊኛ አይለጠጥም፤ ስለዚህ መስፊያ ያጣው ጋዝ ግፊት ይሆናል። ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መሆን የነበረበት የዓይን ግፊት እጅግ ሲያሻቅብ ሬቲናን የሚመግበው የደም ሥር ይታፈናል። ደም የተቋረጠበት ሬቲና ደግሞ ብዙ አይጠብቅም፤ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

ዓይኑ ውስጥ ጋዝ ላለ ሰው የሚሰጠው «አውሮፕላን አይሳፈሩ» የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ እኔም ዛሬም እላለሁ። ግን ምክሩ በዋናነት የታሰበው ለዝቅተኛ አገር ሰው ነው። የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል እስኪሆን ይወርዳል። ይህ ማለት አዲስ አበባ ማለት ነው! ሌላው ዓለም ሲበር ብቻ የሚደርስበት ከፍታ ላይ እኛ እንኖራለን፣ ከዚያም በአውቶቡስ ሌላ ተራራ እንወጣለን። ዱባይ ወይም ባንኮክ ታክሞ ጋዙ ሳያልቅ የሚመለስ ወገናችን ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ከባሕር ጠለል እስከ አዲስ አበባ ጋዙ በአንድ ሦስተኛ ሊሰፋ ይችላል፤ ወደ ዝቅተኛ አገር የሚበር ሰው ሲያርፍ ቀለል ይለው ይሆናል፣ ቦሌ የሚያርፍ ግን የአውሮፕላኑ በር ቢከፈትለትም ከዚያ ከፍታ አልወረደም።

የጎጃም መንገድ ሌላ ጣጣ አለው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወረድ ጋዙ ይኮማተራል፣ ዓይኑ ይላላል፣ ክፍተቱን ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይሞላዋል። መኪና ተበላሽቶ በረሃው ውስጥ ሰዓታት ካለፉ ደግሞ የበለጠ ይሞላል። ከዚያ ወደ ደጀን ሲወጣ ጋዙ ተመልሶ ሲሰፋ የቀድሞ ቦታው ተይዟል።

ስለዚህ ጥያቄው መነሣት ያለበት በመውጫው ቀን አይደለም። ያን ቀንማ ጋዙ ገብቷል! ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለው ጋዝ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ፐርፍሎሮፕሮፔን የተባለው ደግሞ እስከ ሁለት ወር ዓይን ውስጥ ይቆያል። ለገበሬ ሁለት ወር አዲስ አበባ መቀመጥ የአልጋ ኪራይ፣ የምግብ ወጪና ያልታጨደ ማሳ ነው። «እዚሁ ይቆዩ» ብለን ማዘዝ ይቀለናል፤ የሚከፍሉት ግን እነሱ ናቸው። መንገዳቸውን፣ ማረፊያ ዘመድም ይኑራቸው አይኑራቸው አስቀድመን ብናውቅ ቶሎ የሚያልቀውን ጋዝ፣ ወይም ከፍታ የማያሰፋውን የሲሊኮን ዘይት ልንመርጥ እንችላለን። ዘይቱ በኋላ ለማውጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፤ ቢሆንም ለአንዳንዱ ሰው ከጣርማበር ይሻለዋል።

ለአስታማሚውም በቃል ብቻ ሳይሆን በወረቀት እንንገረው፦ መንገድ ላይ ዓይኑን ከወጋው፣ ካስመለሰው፣ ዓይኑ ከጨለመበት፣ ሽቅብ መውጣት ይቁም፤ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ወርዶ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂድ፣ ሕመሙ ቢለቀውም። ዓይኑ ውስጥ ጋዝ እንዳለ የሚናገር የእጅ ማሰሪያም አይውለቅ። ለሌላ ሕመም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ማደንዘዣ ተራራ ሳይወጣም ጋዙን ያሰፋዋልና።

እኚያ አባት አልወቀሱኝም። «የእግዜር ሥራ ነው» አሉኝ። እኔ ግን የእግዜር ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነው።

ነገ ጠዋት ተረኛ የሆናችሁ ነርሶች፣ ታማሚው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቱ በፊት ካርዱ ላይ ከወረዳው ስም ጎን የሚመለስበትን መንገድ ጻፉልኝ። መንገዱ ያልተጻፈበት ካርድ ከቀረበልኝ ጋዙን አልመርጥም፤ መልሼ እልክላችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።