«እምቢ ብለዋል»

እንደምን ዋላችሁ ባልደረቦቼ፣ ቤተሰቦች፣ ከፊት የተቀመጣችሁም እናቶችና አባቶች።

ስለ አረጋውያን አመጋገብና ስለ አካል ብቃት እንድናገር 15 ደቂቃ ተሰጥቶኛል። አብዛኛውን የማጠፋው ግን በሁለት ቃል ላይ ነው፤ «እምቢ ብለዋል»። የመጦሪያችን ነዋሪ ምግቡን ሳይበላ ሲቀር ሁላችንም መዝገቡ ላይ ጽፈናታል።

ሦስተኛው ክፍል የነበሩትን አባባ ታስታውሷቸዋላችሁ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ። የምንጽፈውን ማስታወቂያ ሳይቀር የሚያርሙን። ሲገቡ 62 ኪሎ ነበሩ። ኮሪደሩን በከዘራቸው ይመላለሱበት ነበር። ከዚያ ትሪው እንደሞላ መመለስ ጀመረ። ጠዋት «እምቢ ብለዋል»፣ ማታ «እምቢ ብለዋል»። አንድ ወር ሙሉ፣ በአራት ሰው የእጅ ጽሑፍ። አንዱ የእኔ ነው።

አንድ ቀን የጽዳት ባልደረባችን ኮመዲኖውን ስትስብ ከኋላው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አገኘችው። በሶፍት ተጠቅልሎ ወድቆ ነበር። አባባ እምቢ አላሉም። ማኘክ አቅቷቸው ነው። «ለምን አልነገሩንም?» ብላቸው «ስትገቡም ስትወጡም ትቸኩላላችሁ» አሉኝ። ምን እላለሁ?

ያኔ 57 ኪሎ ገብተዋል። በአንድ ወር ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ የአደጋ ምልክት ነው። እሳቸው 8 በመቶ ቀንሰዋል። ያወቅነው ደግሞ ሱሪያቸው ሲወልቅ ነው። ሚዛናችን መጋዘን ውስጥ ነበራ! ጥርሳቸውን መለስንላቸው። እግራቸውን ግን ማን ይመልስላቸው? ከወንበር መነሳት አቃታቸው። እኛም «እንዳይወድቁ» ብለን ዊልቸር ላይ አስቀመጥናቸው። ያልበላ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ያልሠራ ደግሞ ይብሳል። ሁለቱንም አደረግንባቸው።

«ሰው የለንም» ይባላል። እውነት ነው፣ የለንም። አንድ ሠራተኛ 8 ሰው በ20 ደቂቃ እንዲያበላ ይጠበቃል። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ተኩል ማለት ነው። እስቲ ከበላይ ኃላፊዎቻችን ምሳውን በሁለት ደቂቃ ተኩል የሚጨርስ እጁን ያውጣ! ጥርስ ሳይኖረው!

«አርጅተዋል፣ ከእንግዲህ ምን ይሆናሉ» የሚለውንም አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ ጥናት አለ። 100 የመጦሪያ ነዋሪዎች፣ አማካይ ዕድሜያቸው 87። ለ10 ሳምንት ክብደት እየገፉ እግራቸውን ያሠሩት የጡንቻ ጉልበታቸው ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በ87 ዓመት! ተጨማሪ ምግብ ብቻ ተሰጥቷቸው ያልተንቀሳቀሱት ግን ለውጥ አላገኙም። ስለዚህ የሚያበረታ መጠጥ በካርቶን አስገብታችሁ ሰውዬውን ቀኑን ሙሉ ካስቀመጣችሁት ድካማችሁ ከንቱ ነው።

የቀረውን በአጭሩ። ፕሮቲን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 1 ግራም። ውኃ ሳይጠይቁ ስጧቸው፤ በእርጅና ጥም ይደክማል። ራሱ መነሳት የሚችለውን አታንሱት፤ ቆማችሁ ጠብቁት። ይዘገያል፣ ይዘግይ።

መዝገቡ ላይ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ «እምቢ ብለዋል» ብቻውን አይጻፍ። ከጎኑ ምክንያቱ ይጻፍ። ጥርስ ነው? መነጽር ነው? ትሪው ርቆ ነው? አፉን አሞት ነው? ከፍቷቸው ነው? ካላወቃችሁ «አልጠየቅኩም» ብላችሁ ጻፉ።

ሚዛኑን ዛሬ ጠዋት ከመጋዘን አውጥቼዋለሁ። ባትሪ ይፈልጋል።

አመሰግናለሁ።